የታችኛው በር መዝገብ

ሰኞ፣ ኅዳር 13 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ዓለም ገና

ዛሬ ደግሞ ወንዲ አዲስ ሥራ ጣለብኝ። ወንዲ አለቃዬ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ማስቲካ እያኘከ የሚያወራ፣ ሰበታ ፎቅ ላይ ሦስት ክፍል ተከራይቶ «ሶፍትዌር ኩባንያ» የሚል ታፔላ የሰቀለ። እኔ እዚያ የማኑዋል ጸሐፊ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት አማርኛ ካስተማርኩ በኋላ የደረስኩበት ደረጃ ይህ ነው። ልጆቹ የሠሩትን ፕሮግራም ሰው እንዲገባው አድርጌ እጽፋለሁ። እነሱ እንግሊዝኛ ሳይደባልቁ «ደህና ዋልክ» ማለት አይችሉም።

ሥራው ይህ ነው። በየፋብሪካው በር ላይ የጣት አሻራ ማሽን አለ። በማሽኑ ውስጥ ልጆቹ «ኤጀንት» የሚሏት ትንሽ ፕሮግራም ተቀምጣለች፤ ማን አውራ ጣቱን እንዳስነካ፣ መቼ እንደገባ፣ መቼ እንደወጣ እየመዘገበች ወደ ቢሮ ትልካለች። የማትታይ ዘበኛ ናት። አሁን ዮአብ የሚባለው ፕሮግራመራችን የእነዚህን ኤጀንቶች መዝገብ ካሉበት ጎትቶ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቷል። ቀኑን ትሰጠዋለህ፣ በሩን ትሰጠዋለህ፣ ዝርዝሩን ይሰጥሃል። ሰበታ ያለ አንድ ክር ፋብሪካ፣ ቡራዩ ያለ ቆርቆሮ ፋብሪካና ሱሉልታ ያለ የውሃ ፋብሪካ ሊገዙት ነው። የእኔ ድርሻ ስለ አጎታተቱ ሠላሳ ገጽ መጻፍ ነው።

ስለ ሰው መግቢያና መውጫ ሠላሳ ገጽ! ከአሁኑ አንገሸገሸኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15

የአከራዬ የኦቦ ባጫ ልጅ ወርቅቱ ክር ፋብሪካው ውስጥ፣ መፍተያ ክፍል ነው የምትሠራው። ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ፤ እስከ ዛሬ «ቲቸር» ነው የምትለኝ። ማሽኑን ከሚጠቀም ሰው አፍ ልስማ ብዬ ጠየቅኳት።

«ቲቸር፣ እኛን እኮ ማሽኑ አያውቀንም» አለችኝ እየሳቀች። አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ክሩ አሻራዋን በልቶት ቆዳው ልሙጥ ሆኗል። «ሦስቴ አራቴ ነው የምናስነካው። እምቢ ሲለን በምራቅ እናረጥበዋለን። ከኋላ ያለው ሰው ቶሎ በሉ እያለ ይሰድበናል።»

ስንትና ስንት ሰው ተራ በተራ ምራቁን የሚቀባው መስታወት! ምሳዬ አልበላ አለኝ። ግን ጥሩ ነገር ነው ያገኘሁት፤ ገጽ አራት ላይ «አሻራቸው የደከመ ሠራተኞች» የሚል ንዑስ ርዕስ አስገባሁ።

ኦቦ ባጫ ጓሮ ሆነው ይሰሙን ኖሯል። ፋብሪካው የቆመው ድሮ እሳቸው ጤፍ ይዘሩበት በነበረው ማሳ ላይ ነው።

«የእኔ ማሳ ላይ ቆሞ ልጄን አላውቅሽም ይላታል! ሰማህ አሥራት?»

እየሳቁ ነው የሚሉት። እኔም ሳቅሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወጥተው ነበር። አዲስ አበባን ወደ እኛ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ይቅር፣ ከተማዋ አትዋጠን ነው ጥያቄው። በባጃጅ ስመጣ ሹፌሩ ዝም፣ እኔም ዝም፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ብቻ «ልጆቹን ባይነኳቸው ምን አለ» አለች። ወረድኩ።

ቢሮ ስገባ ወንዲ የሚጨነቀው ስለ ማኑዋሉ ሽፋን ቀለም ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 27

ዛሬ ትንሽ ተነታረክን። ልጻፈው እንጂ የሚጻፍ ነገር እንኳ አይደለም።

ዮአብ ከሆሳዕና የመጣ ልጅ ነው፤ ጴንጤ፣ ቁጥብ፣ መዝሙር ከጆሮው የማይለይ። ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። የክር ፋብሪካው ዋና በር በገመድ ነው የተገናኘው። የታችኛው በር ግን፣ የመፍተያ ክፍሎቹ የሚገቡበት፣ በሲም ካርድ ነው የሚሠራው። ኔትወርክ ሲጠፋ የዚያ በር ኤጀንት መዝገቡን ይዛ ትቆይና ኔትወርኩ ሲመለስ በአንዴ ትልከዋለች። ስትልክ ታዲያ ሰው የገባበትን ሰዓት ትታ የላከችበትን ሰዓት ነው የምትጽፈው። «ሦስት ቀን ቢጠፋ የሦስት ቀኑ ሁሉ ባራተኛው ቀን የተደረገ ይመስላል፤ እውነተኛው ሰዓት ማሽኑ ውስጥ ብቻ ነው የሚቀረው» አለኝ። ይስተካከላል ወይ ብዬ ስጠይቀው «ጊዜ ከሰጡኝ» አለ።

እኔም ገጽ አሥራ ሁለት ላይ አንድ አንቀጽ ጻፍኩ። ኔትወርክ በተቋረጠበት ቀን በሚወጣ ዝርዝር ላይ እምነት አይጣል፣ ማሽኑ ራሱ ተከፍቶ ይታይ የሚል።

ወንዲ አነበበውና ማስቲካ ማኘኩን አቆመ። «ጋሽ አሥራት፣ ለሰው መኪና ስትሸጥ ፍሬኑ አንዳንዴ አይዝም ትለዋለህ እንዴ?»

«እውነቱ እኮ ነው።»

«እውነቱን ዮአብ ያስተካክለዋል። አንተ ደንበኛ አታስፈራራብኝ። ይሄን አውጣና አንድ ጠንካራ ዓረፍተ ነገር አስገባልኝ፣ ያንተን ዓይነት።»

«ያንተን ዓይነት» ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ያስጠላል ግን ደስ አለኝ። አንቀጹን አወጣሁና በቦታው «በኤጀንቷ ያልተመዘገበ እንቅስቃሴ አልተፈጸመም» ብዬ ጻፍኩ። እንደ ዓረፍተ ነገር ምንም እንከን አይወጣለትም። ወንዲ አጨበጨበ። ዮአብ ወደ ስክሪኑ ዞረ። የእኔ ሥራ ቋንቋ ነው፤ ማሽኑ የእሱ ነው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 1

ማኑዋሉ ታትሞ ወጣ። ክር ፋብሪካው ድረስ ወስጄ ለሰው ኃይል ኃላፊዋ ለወይዘሮ የወይንሐረግ አስረከብኩ። የፋብሪካው ቀለም የሚፈስበት ወንዝ ዛሬ ሐምራዊ ነበር፤ ሽታው አፍንጫ ይበጥሳል። የሴትዮዋ ቢሮ ደግሞ በሽቶ ታጥኗል። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ አላወቅሁም።

ማስመሪያና ቀይ እስክርቢቶ ይዘው ነው የሚያነቡት። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው አሰመሩበት፤ ቀጥ ያለ መስመር።

«እንዲህ ቁርጥ ያለ አማርኛ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው፣ አቶ አሥራት። የት ነው የተማሩት?»

ነገርኳቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ የማዕረግ ተመራቂ መሆኔን ጭምር ነገርኳቸው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5

መንገድ ተዘግቷል። ጎማ እየነደደ ነው። ወደ ሰበታም ወደ አየር ጤናም መኪና የለም። ቢሮ አልሄድኩም።

ኔትወርክ ከትናንት ማታ ጀምሮ የለም። ስልኬ ለሰዓት ማያ ብቻ ሆኗል።

ተኩስ ሰማን። ሁለቴ። ከዚያ ብዙ።

ወርቅቱ ጠዋት ከመዘጋቱ በፊት ሥራ ገብታለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፣ አልተመለሰችም። ኦቦ ባጫ በር ላይ ቆመዋል። «ግቡ እንጂ» አልኳቸው። አልሰሙኝም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 6

አልመጣችም። ኔትወርክ የለም። ጎረቤቶች የሚያወሩት ያስፈራል፤ አንዱ አሥር ሞተ ይላል፣ ሌላው የለም ሠላሳ ነው ብሎ ይከራከረዋል። በሰው ሬሳ ጨረታ የያዙ ይመስላሉ። ቀፈፉኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8

ተመስገን። ትናንት ማታ መጣች። ፀጉሯ ውስጥ ጥጥ ሞልቷል፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን ደህና ናት።

ፋብሪካው ማክሰኞ ጠዋት ከገቡ በኋላ በሩን ቆልፎባቸው ነው። መንገድ ተዘግቷል፣ ተተኪ ፈረቃ አልመጣም፣ ስለዚህ እነሱ ይፍተሉ ተባለ። ሦስት ቀን።

«ሁለት ፈረቃ እንሠራና ጥጡ ላይ እንተኛለን፣ ቲቸር። ዳቦ ሰጡን። አለቃችንም አብሮን ነበር፤ እሱም አልወጣም።»

«መውጣት አልጠየቃችሁም?»

«ጠየቅን። ውጭ ብትሞቱ ማን ይጠየቃል አሉን። ደግሞ እውነታቸውን ነው።»

ኦቦ ባጫ ፀጉሯን እየዳሰሱ «ኢንተላ ኮ» እያሉ ደጋገሙት፤ ልጄ ልጄ ማለታቸው ነው። ዛሬ ጠዋት ኔትወርክም ተመለሰ። ሁሉም ነገር ወደ ቦታው እየገባ ነው። ክረምቱን ሙሉ ያልጠራሁትን እግዚአብሔርን ዛሬ አመሰገንኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 11

ወይዘሮ የወይንሐረግ ደወሉ። ለምስጋና።

በማኑዋሌ እየተመሩ የሁከቱን ቀናት መዝገብ አውጥተዋል። «ገጽ በገጽ፣ እንደጻፉልን።» በዋናው በር ያለው ሰው ሁሉ በሥራው ላይ ነበር። በታችኛው በር ግን የመፍተያ ክፍሉ አርባ ሦስት ሰዎች ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ አንድም እንቅስቃሴ የላቸውም። «ባንድ ላይ ቀርተው ባንድ ላይ ተመለሱ። ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ከአሥራ አንድ ላይ አርባ ሦስቱም ባንድ ደቂቃ ገብተዋል። የተደራጁ ናቸው ማለት ነው እኮ፣ አቶ አሥራት! ያለ እርስዎ ይሄን አናገኘውም ነበር።»

አርባ ሦስት ሰው ባንድ በር ባንድ ደቂቃ። ያውም አራቴ እየሞከረ፣ ምራቅ እየቀባ። አንድ ሰው እንኳ ይሄ እንዴት ይሆናል ብሎ አልጠየቀም።

እኔ ወዲያው ነው የገባኝ። ገና ዓርብ ሲሉ ገባኝ።

«ደስ ብሎኛል» አልኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። አፌ ላይ የነበረው እሱ ነው። ሴትዮዋ ቸኩለው ነበር፣ ሌላ ሰው እየጠበቃቸው ነበር፣ በስልክ የሚብራራ ነገርም አይደለም። ነገ ደውዬ በደንብ አስረዳቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12

መብራት ጠፋ። ስልኬ ባትሪ የለውም። ከዮአብ ስልክ መደወል እችል ነበር፤ ግን ቁጥሩን በቃሌ አልያዝኩትም።

ዮአብን ሹክ አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። «ወንዲ ያውቃል?» አለኝ። አያውቅም አልኩ። «እርስዎ ይንገሩት፤ እኔ የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም» አለኝ። ፈሪ!

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 13

ወሰዷቸው።

ፈረቃ ሲወጣ የፖሊስ መኪና ታችኛው በር ላይ ቆሞ ነበር። አርባ ሦስቱ ከሥራ ታገዱ፤ ከመካከላቸው ወጣት ወጣቱን መርጠው አሥራ አንዱን ጫኑ። ወርቅቱ አለችበት። የክፍሉ አለቃ «አብረውኝ ነበሩ፣ ሲፈትሉ ነው የከረሙት» ብሎ ተሟገተ አሉ። «ያንተም ስም ዝርዝሩ ላይ አለ» ብለው እሱንም ጫኑት። ሦስት ቀን ሙሉ የፈተሉትስ ክር? የሌላ ፈረቃ ነው ተባለ።

ኦቦ ባጫ ግቢው መሃል መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ምን አድርጋ ነው?» ይሉኛል። ደጋግመው እኔን ነው የሚጠይቁኝ፣ የተማርኩ ስለሆንኩ። አላውቅም አልኳቸው።

ለወይዘሮ የወይንሐረግ ዛሬ ብደውልስ ምን ይጠቅማል? አንዴ ከእጃቸው ወጥቷል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 16

ኦቦ ባጫ በየቀኑ ምግብ ይዘው ሰበታ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳሉ፤ በየቀኑ ምግቡን ይዘው ይመለሳሉ። አያስገቧቸውም። የተመለሰውን ለእኔ ይሰጡኛል። «አንተ ብላው፣ አይበላሽ።» ለልጃቸው የተሠራ ጨጨብሳ ነው። በላሁት።

ለወንዲ ነገርኩት፤ ሁሉንም። ማስቲካውን እያኘከ ሰማኝ።

«ጋሽ አሥራት፣ ሰው የሚያስር መሣሪያ አልሸጥንም። ዝርዝር ነው የሸጥነው። ፖሊስ የፈለገውን ቢያደርግበት እኛ ምን አገባን?»

«ዝርዝሩ ስህተት ነው እኮ።»

«ሰኞ ሱሉልታ ውል እንፈርማለን። አንተ ነህ የምታሠለጥናቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ አባሪ ትጽፋለህ፣ እናሰራጫለን። እሺ?»

እሺ አልኩ። አባሪ ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገሩ ሥርዓት ይዞ ቢሄድ ይሻላል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

ሱሉልታ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ስምንት ሰዎች አሠለጠንኩ። ቀን እንዴት እንደሚሰጥ፣ በር እንዴት እንደሚመረጥ፣ ዝርዝር እንዴት እንደሚወጣ። ቀልድም ጣል አደረግሁ፤ ሳቁ። አንዲት የመጋዘን ሠራተኛ፣ እስከዚያ ድረስ ምንም ያልተናገረች፣ እጇን አወጣች።

«ኔትወርክ ሲጠፋስ ምን ይሆናል?»

ወንዲ አየኝ። «ብዙ የሚያጋጥም ነገር አይደለም» አልኩና ወደሚቀጥለው ገጽ ገለጥኩ። ሴትዮዋ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። መጨረሻ ላይ አጨበጨቡልኝ። ውሉም ተፈረመ።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ራሴን በመስታወቱ አየሁት። ከረባት አስሬ ነበር። ፊቴ እንዲህ የሚያስጠላ መሆኑን ዛሬ ነው ያወቅሁት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 29

ትናንት ገና ነበር። ኦቦ ባጫ አላረዱም፤ ቤታቸው ጭስ እንኳ አልወጣም። እኔ ከዘመድ ጋር እውላለሁ ብዬ ወጥቼ ቀኑን ሙሉ ዓለም ገና አደባባይ አጠገብ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ዘመድ የለኝም። ዝንቡ ሻዬን ከእኔ እኩል ጠጣው።

አባሪውን ጽፌዋለሁ። አንድ ገጽ ናት። ወንዲ «ቡራዩ ውል እስኪፈርሙ ትቆይ» ብሏል። ሁለት ቦታ ላይ ነጠላ ሰረዝ ቀየርኩ። አሁን ጥሩ ሆናለች።

ረቡዕ፣ ጥር 4

ማስተር ፕላኑ ቀረ! በዜና ተነገረ። ባጃጁ ውስጥ ሰው ሁሉ አፉን ከፈተ፣ ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ የማላውቀው ሰውዬ አቀፈኝ። እኔም አቀፍኩት።

እቅዱ ከቀረ እስረኞቹም ይፈታሉ። ለምን ይያዛሉ ከእንግዲህ? አባሪውም፣ ማብራሪያውም፣ ምኑም አያስፈልግ ይሆናል። ቤት ድረስ እየቀለለኝ ሄድኩ። እፎይ ያልኩት ለእነሱ ይሁን ለራሴ አልመረመርኩትም።

ሰኞ፣ ጥር 9

አልተፈቱም።

ኦቦ ባጫ ማታ ነጭ ወረቀት ይዘው ክፍሌ መጡ። ማመልከቻ እንድጽፍላቸው። ወረቀቱን እንዳይቆሽሽ በፌስታል ጠቅልለውት ነበር።

«በገንዘብ የሚጽፉ አሉ፣ ሱቅ አጠገብ» አሉኝ። «ግን እነሱ ለማንም ነው የሚጽፉት። አንተ ልጅቷን ታውቃታለህ።»

ጻፍኩ። ሁለት ገጽ። ታታሪነቷን፣ ጨዋነቷን፣ ለአባቷ ብቸኛ ጧሪ መሆኗን። አንድ ገጽ እንደጨረስኩ ስለ ማሽኑ የሚገባበት ቦታ መጣ፤ እዚያ ላይ እስክርቢቶዬ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ስለ ጸባይዋ ሌላ አንቀጽ ጨመርኩ። አንብቤ ስጨርስ ኦቦ ባጫ እያለቀሱ ነበር። አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ፈረሙ።

«የተማረ ሰው ግቢዬ ውስጥ ይኑር ያልኩት ለዚህ ቀን ነበር» አሉ።

ሲወጡ መዝጊያውን ቀስ ብለው ነው የዘጉት፣ እንዳይረብሹኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 12

ለመጀመሪያ ጊዜ ጠያቂ ይግባ ተባለ። ትናንት ጥምቀት ስለነበር ልባቸው ራርቶ ይሆናል። አብሬያቸው ሄድኩ፤ እምቢ ማለት አቃተኝ።

መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ማኑዋሌ ተቀምጧል። ቅጂው የወይዘሮ የወይንሐረግ ነው፤ በቀይ የተሰመረበት። ማመልከቻውን ካየ በኋላ ለኦቦ ባጫ ገጽ አሥራ ሁለትን ገልጦ አነበበላቸው። «በኤጀንቷ ያልተመዘገበ እንቅስቃሴ አልተፈጸመም። ገባዎት አባቴ? መጽሐፉ ነው የሚለው። እኛ ከኪሳችን አላወጣነውም።» ኦቦ ባጫ በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ።

ወርቅቱን ከሽቦው ማዶ አወጧት። ከስታለች፤ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ለአባቷ በኦሮምኛ ፈያ ነኝ፣ ደህና ነኝ እያለች ሳቀችላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ ያንን ማሽን እርስዎ ያውቁታል አይደል? አራቴ ነው ያስነካሁት፣ ማክሰኞ ጠዋት። አራት ጊዜ! እንዴት አላየኝም? ለሚያውቁት ሰው ይንገሩልኝ። እዚህ የምንለውን ማንም አይሰማንም።»

እሺ አልኳት።

«ቃል ይግቡልኝ።»

ገባሁላት።

ዓርብ፣ ጥር 13

ዮአብን ጠዋት በር ላይ ጠበቅሁት። አልተከራከረኝም። «ሌሊት እንቅልፍ የለኝም» ብቻ አለ። ጥገና ነው ብለን ታችኛው በር ሄድን። ማሽኑን ከፍቶ ከራሱ ከማሽኑ ላይ መዝገቡን አወጣ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አሥር ደቂቃ!

ማክሰኞ ታኅሣሥ 5፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ52፣ ወርቅቱ ባጫ፣ አልታወቀም። 12 ከ52፣ አልታወቀም። 12 ከ53፣ አልታወቀም። 12 ከ53፣ ገብታለች። መውጫ፣ ሐሙስ ማታ። አርባ ሦስቱም እንዲሁ።

ዮአብ ወረቀቱን ሲሰጠኝ «ስሜን አያስገቡት፣ እናቴን የማስተዳድረው እኔ ነኝ» አለኝ። ፈሪ ብዬው ነበር፣ ባለፈው ወር፣ እዚሁ ደብተር ላይ።

ቅዳሜ፣ ጥር 14

ደብዳቤውን ጻፍኩ። ያለ ጌጥ፣ አንድ ገጽ። ማኑዋሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ማስጠንቀቂያውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት ነው፣ እውነተኛው መዝገብ ተያይዟል። ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ቅጂውን ለወይዘሮ የወይንሐረግ በእጄ ሰጠሁ። ቀይ እስክርቢቷቸውን አንስተው የትም ሳያሰምሩበት መልሰው አስቀመጡት።

ወንዲ ቁልፍ አስረክብ አለኝ። «ሱሉልታም ቡራዩም ቢቀሩ ባንተ ነው። ይሄን ካወቅህ ለምን ያኔውኑ አልጮህክም? አሁን ጀግና ልትሆን ነው?»

በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ እውነት ተናገረ፤ እሱንም ማስቲካ እያኘከ።

እሑድ፣ ጥር 15

ለኦቦ ባጫ ነገርኳቸው።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠርቻቸው ክፍሌ አስገባኋቸው። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው፤ የልጃቸውን ስም በጣቴ አሳየኋቸው፣ አራቱንም መስመር። ነገ ጠዋት ጣቢያ አብረን እንሄዳለን፣ ደብዳቤዬን ራሴ አነበዋለሁ፣ ከሥራም ወጥቻለሁ አልኳቸው። ማስጠንቀቂያውን ማውጣቴን፣ መርማሪው ያነበበላቸው ቃል የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ያስፈራኝ እሱ ነበር፣ እሱን አለፍኩት።

ወረቀቱን አገላበጡት፤ ማንበብ አይችሉም።

«ስትጽፈው እንዲህ እንደሚሆን አታውቅም ነበር።»

«አላውቅም ነበር።»

«ሰው ይሳሳታል። እኔም በሬ ጠምጄ የሰው ድንበር ገፍቼ አውቃለሁ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ማሽኑ እንደ ዋሸ መቼ ነው ያወቅኸው?»

ይህ ደብተር በመካከላችን ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ዓርብ» አልኩ። «ከትናንት ወዲያ፣ ማሽኑን ስንከፍተው።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ፊታቸው ፈታ አለ፤ ከታኅሣሥ ወዲህ እንደዚያ ሲሆን አላየሁትም። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ገለቶሚ፣ አሥራት። እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ስንት ቀን ደብቆ ያቆየው ነበር።»

ከዚያ ለወርቅቱ ይዘውት ሊሄዱ ያሰቡትን ማር ከፍተው በሻይ በጥብጠው ሰጡኝ። ጠጣሁት።